ወርዷል ያልኩት ድንጋይ

ቡታጅራ እኛ ሰፈር ውስጥ ሸምሶን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም «ሜትሮሎጂ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ቆርቆሮ ሲመታ የኖረ የጣሪያ ሠራተኛ ነው። ስድሳን ትንሽ አልፏል። ቁመቱ አጠር ያለ ነው፤ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር በመዶሻ ተመትቶ ተመትቶ ጠቁሮ ቀርቷል። አንገቱ ላይ የኳስ ዳኞች የሚነፉት ዓይነት ፊሽካ በቀይ ክር ያንጠለጥላል።

ፊሽካውን የገዛው የራሱ ቤት ጣሪያ በነፋስ የሄደ ጊዜ ነው። ሚስቱ ዛህራ እቤት ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ነፋሱ ቆርቆሮውን ከነማገሩ አንሥቶ ከመንገዱ ማዶ አጥር ላይ አስቀመጠው። ዛህራ አንድም አልተነካችም። ሸምሶ ግን «የሰው ጣሪያ ስመታ የራሴን ረሳሁት» ብሎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ጠባቂ ሆነ።

በበልግ ወራት ከምሳ በኋላ መንገዱ ዳር ይቆማል። መጀመሪያ ወደ ዘቢዳር ያያል። ተራራው ጥቁር ደመና ቢደርብም ብዙ አይደነግጥም፤ «እሱ ዝናብ ነው፣ ይዘንብ» ይላል። የሚፈራው ከእንሴኖ በኩል ቀይ አቧራ ግድግዳ መስሎ ሲቆም ነው። ያኔ እንሴኖ ገበያ ላይ ጫማ ለሚሸጠው ለዛህራ ወንድም ለናጃህ ይደውላል።

«ናጃህ፣ የዳሳችሁ ላስቲክ እንዴት ነው?»

«ኧረ እሱማ ሄደ! ሰዉ ሁሉ እያባረረው ነው» ካለ፣ ነፋሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሸምሶም ፊሽካውን እየነፋ በየበሩ ይሮጣል። «ልብስ አስገቡ! ልጅ ሰብስቡ! ከዛፍ ሥር ውጡ!»

ጎረምሶቹ ይስቁበታል። «ጋሽ ሜትሮ፣ ነገ ግጥሚያ አለን፤ ፀሐይ ይዘዙልን!»

«ለእናንተ ጨዋታስ በረዶ ነው የሚሻለው፤ ቢያንስ ያሯሩጣችኋል» ብሎ ያልፋቸዋል።

ትልቁ ጠቡ ግን ጣሪያ ላይ ከሚቀመጥ ድንጋይ ጋር ነበር። እኛ ምስማር ሲላላ ድንጋይ እንጭናለን። እናቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው ያየነው። ሸምሶ «ድንጋይ ቆርቆሮ አይዝም፤ ቆርቆሮው ሲነሣ እሱ ሰው ላይ ይወርዳል» እያለ በየቤቱ ይለምናል። እሺ ላሉት በነፃ ምስማር ይመታላቸዋል።

የእኔ ጣሪያ ላይ አምስት ድንጋይ ነበር። አራቱ ተራ ድንጋዮች ናቸው። አምስተኛው እናቴ ጥያ ሳለች የፈጨችበት የእጅ ወፍጮ መጅ ነው፤ ጥቁር፣ ሆዱ በመፍጨት ብዛት የለሰለሰ። ከጎረቤቴ ከዱባለ ጣሪያ ጋር በሚጋጠመው በኩል፣ ከመንገድ በማይታይ ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ባለፈው ዓመት የእነሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ሸምሶ በጾም አንጀቱ እየዞረ ጣሪያ ይጠግናል። እኔ ዘንድ ሦስት ጊዜ መጣ።

«እትዬ ሰገነት፣ ድንጋዮቹን ላውርድልዎት። ምስማርም ይዣለሁ።»

«ውሃ እንኳ ባልቀመሰ አፍህ? ከኢድ በኋላ ይደርሳል፣ ተወው ባክህ።»

«ነፋስ ኢድን አይጠብቅም እኮ።»

ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኖ አየሁት። ይሉኝታ ያዘኝ። እሱ ከሄደ በኋላ በአጣና እየገፋሁ ፊት ለፊት ያሉትን አራቱን አወረድኩ። መጁ ጋ ግን አጣናው አልደረሰልኝም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «አስወርጄዋለሁ፣ ሁሉም ወርዷል» አልኩት። ፊቱ በራ። «ተባረኩ! በዚህ ሰፈር የሚሰማኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» ብሎ ለሰው ሁሉ አወራልኝ።

ዱባለ ልብስ ሰፊ ነው፤ ብቻውን የሚኖር፣ አፉ ሥራ የማይፈታ ወጣት። የእሱ ጣሪያ ላይ ሁለት ድንጋይ እንዳለ ነበር። «እማማ፣ ምነው ቀደሙኝ? አሁን ስድቡን ብቻዬን ልጠጣው ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሳምንት አልሞላም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሸምሶ ፊሽካ ተሰማ። ዱባለ በረንዳው ላይ እየሰፋ ስለነበር ሸምሶ ሊያግዘው ሮጠ፤ የስፌት መኪናውን ተጋግዘው አስገቡ። ነፋሱ የደረሰው እነሱ ገና ደጅ ሳሉ ነው። በሬን ይዤ ከውስጥ ቆሜ ነበርና የሸምሶን ድምፅ ሰማሁ።

«ከአንተ ጣሪያ ሥር ውጣ! ወደ እትዬ ሰገነት ና፣ የእሳቸው ይታመናል!»

ከዚያ ቆርቆሮው አቡጀዲ እንደሚቀደድ ጮኸ። አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፣ የሰው ድምፅም ተከተለው። ወዲያው የወረደው በረዶ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሸፈነው።

ጋብ ሲል በሩን ከፈትኩ። ሸምሶ ግድግዳዬን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ ክንዱ የእሱ ያልሆነ ይመስል ተንጠልጥሏል። መንገዱ ላይ የዱባለ ሁለት ድንጋዮች ወድቀዋል። እኔ ደፍ ላይ ደግሞ መጁ።

ዱባለ መጁን አላየውም። «የእኔ ድንጋይ ነው! እኔ ነኝ የገደልኩት!» እያለ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ። ሸምሶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጎንበስ አልኩ፣ መጁን በነጠላዬ ጠቀለልኩት፣ ጓዳ አስገብቼ እንቅብ ደፋሁበት። ተመልሼ ለሸምሶ ውሃ ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀ። ጾመኛ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሆስፒታል ክንዱን በጄሶ አሰሩለት። አጥንቱ ይገጥማል፣ ግን ክንዱ እንደ ድሮው ከትከሻ በላይ መነሣቱ ያጠራጥራል አሉ። ዱባለ በየማታው ቴምር ይዞለት ይሄዳል፤ እጁን ያስታጥበዋል፣ ጫማውን ያስረዋል። አንዲት ደንበኛው «ሰው ከሰበረ እጅ ልብስ አልለብስም» ብላ ያልተቆረጠ ጨርቋን ወሰደችበት።  ያ አፈኛ ልጅ አፉ ተዘጋ።

እኔም ሄጄ ሸምሶን እግዜር ይማርህ አልኩት። ዛህራ እየሸኘችኝ «ሁሉም እንደ እርስዎ ቢሰማው ኖሮ እኮ እትዬ...» አለች። ቤቴ እስክገባ ድረስ ቀና ማለት አቃተኝ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ዱባለ የስፌት መኪናውን ጋሪ ላይ ሲጭን አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«ወልቂጤ። ዘመድ አለኝ። የጋሽ ሸምሶን ክንድ እያየሁ እዚህ መኖር አልቻልኩም፣ እማማ።»

«ትንሽ ቆይ» አልኩት። ጓዳ ገብቼ መጁን አወጣሁ። «ተከተለኝ።»

ሸምሶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጁን ፊቱ አስቀመጥኩት። «የሰበረህ ይሄ ነው፤ የእኔ ነው። አላወረድኩትም ነበር። ደጄ ወድቆ አግኝቼው ደበቅሁት» አልኩ። 

ዱባለ ወደ እኔ ዞረ። «አሥራ ስምንት ቀን፣ እማማ! አሥራ ስምንት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም! አጠገቤ እያሉ!» ብሎ ወጣ። ወልቂጤ አልሄደም፤ መኪናውን ከጋሪው አወረደ። እኔን ግን እስከ ሰኔ ድረስ አላናገረኝም።

ሸምሶ መጁን በግራ እጁ አገላበጠው።

«ወርዷል ብለውኝ ነበር እኮ» አለ።

«ለጾምህ አዝኜ ነው።»

«ጾሜንማ እኔው እጾመው ነበር፣ እትዬ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሰኔ ላይ ዱባለን ይዞ መጥቶ ጣሪያዬን ምስማር አስመታልኝ። እሱ መሬት ላይ ቆሞ እዚህ፣ እዚያ እያለ ያመለክተው ነበር።

ዘንድሮም በልግ መጣ። ሸምሶ ፊሽካውን እንዳንጠለጠለ ነው፤ መዶሻውን የሚይዘው ግን ዱባለ ሆኗል። ቀድሞ በየደጁ «ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቅና «ደህና ነው» ሲሉት አምኖ ያልፍ ነበር። አሁን መሰላል ይዘው ይዞራሉ።

የካቲት መጨረሻ ላይ እኔም ጋ ደረሱ። «የእኔ ደህና ነው። ራስህ ያስመታኸው ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ በለሆሳስ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ወደ ዱባለ ዞረና «ውጣና እየው» አለው።

እኔም እንዳይንሸራተት የመሰላሉን እግር ይዤ ቆምኩ።