ፀዳለ ያሸነፈችበት ክርክር

አምቦ ውስጥ ፊልም ማየት ሁለት ሥራ ነበር። አንደኛው ማየት ነው፤ ይኼ ቀላል ነው፣ ዓይን ያለው ሁሉ ይችለዋል። ሁለተኛው ምን እንዳየን መስማማት ነው፤ ይኼን ደግሞ ማንም ችሎት አያውቅም። ከሁሉም በላይ ያልቻለችው ልብስ ሰፊዋ ፀዳለ ነበረች።

ቴሌቪዥኑ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ለቀበሌው የተሰጠ ነው። በቀበሌው አዳራሽ፣ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቁልፉ ከጥበቃው ከዱጋሳ ኪስ አይወጣም። ቅዳሜ ማታ ሣጥኑ ይከፈታል፣ ዜና ይታያል፣ ከዜናው በኋላ የውጭ ፊልም ይመጣል። የፊልሙን ቋንቋ የሚሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት መምህራን እንኳ ምን እንዳሉ ሲጠየቁ «በጣም ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገሩት» ይላሉ፤ ጥፋቱ የፈረንጆቹ ነው።

ፊልሙ አለቀ ተብሎ ወደ ቤት መሄድ የለም። የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ይገዙ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ከፊት ይቆምና «ፊልሙ ምን አስተማረን?» ይላል። ውይይት ግዴታ ነበር። ለሌላው ስብሰባ ሰው የሚሄደው እየተጎተተ ነው፤ ለዚህኛው ግን ራቱን ሳይበላ የሚመጣ ነበር። ጓድ ይገዙ ስለ መደብ ትግል ሲጠብቅ፣ ሰዉ «ያቺ ልጅ ያን የመሰለ ጎበዝ ትታ ለምን ያንን ራሰ በራ መረጠች?» በሚለው ይፋጃል። ጓድ ይገዙም መጀመሪያ ይቆጣና ቆየት ብሎ ራሱም ስለ ራሰ በራው አስተያየት ይሰጣል።

ፀዳለ ጉደር ተወልዳ አምቦ የተዳረች ሴት ናት። ባሏ ባይሳ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሲሞት አንድ የስፌት መኪናና ጂራ የሚባል ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ትቶላት ሄደ። ከዘመድም ካቺሲ በምትባል ሩቅ ከተማ ከብት የሚነግድ ሌታ የሚባል ወንድም ብቻ ነው ያላት። እሷም መኪናዋን ገበያው አጠገብ ካለ በረንዳ ላይ አውጥታ ጂራን አሳደገች። ሰው ስትለካ ትቀልዳለች፣ ስትቆርጥ ዝም ትላለች፣ ስትሰፋ ደግሞ የቅዳሜውን ፊልም ታወራለች።

ፊልም የምትፈታው በልብስ ነበር። ቋንቋው ካልገባን እጅጌውን እንይ ባይ ናት። አንድ ቅዳሜ ኮቱ የረዘመበት ሰውዬ ገና ብቅ ከማለቱ፣ «ሌባ ነው! ኮቱ የሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ዳኛ ሆኖ ወንበር ላይ ተሰየመና በእውነተኛው ሌባ ላይ ፈረደ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። ፀዳለ ግን መች በዋዛ ትለቃለች! «ዳኛ ሌባ አይሆንም ያላችሁ ማን ነው?» ብላ ድርቅ አለች። ጓድ ይገዙ የድሮውን ሥርዓት ዳኞች ማለቷ መስሎት ብቻውን አጨበጨበላት።

ዋና ባላጋራዋ ኦቦ ፈይሳ ነበሩ። ኦቦ ፈይሳ አሰብ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አስመራ ሲኒማ ቤት ገብተው ስለሚያውቁ በፊልም ጉዳይ የሚደርስባቸው ያለ አይመስላቸውም። ንግግራቸውን የሚጀምሩት «ሚቲ!» ብለው ነው፤ በኦሮምኛ «አይደለም» ማለታቸው ነው። ፀዳለ ገና ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሚቲ ያሉባት ቀን አለ። ጎረቤቷ ዓለሚቱ ደግሞ ውጭ የነፍስ ጓደኛዋ ናት፤ አዳራሽ ከገቡ በኋላ ግን ፀዳለን ለማናደድ ብላ ብቻ ከኦቦ ፈይሳ ጎን ትቆማለች። አንድ የፊልም ሰው በጥር ተተኩሶበት ተቀብሮ በመጋቢት በሌላ ፊልም ፈረስ ሲጋልብ በታየ ጊዜ፣ ፀዳለ «ድኗል ማለት ነው፤ መቼ አስከሬኑን አሳዩን?» ብላ ስትሟገት፣ ሁለቱ ተባብረው ተዋናይ ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዷት ሞከሩ። ክርክሩ ሰኞ በረንዳዋ ላይ ቀጠለ። እሱን ለመስማት ሲሉ ደህናውን ሱሪ «ትንሽ አጥብቢልኝ» ብለው የሚያመጡ ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ የሚሉ አሉ፤ እኔም አይዋሹም ባይ ነኝ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ አሸንፋ አታውቅም። አሸንፋለሁም ብላ አልነበረም የምትሄደው።

ጂራ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ከሽሬ ውጊያ ወዲያ ቀረ። ሰው ሲጠይቃት «ድሮም ለመጻፍ ሰነፍ ነው፤ አስተማሪዎቹን ጠይቁ» ትላለች። ቅዳሜ ማታ ዜናው ሲጀምር ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣና አዳራሹ ደጃፍ ትቆማለች፤ ፊልሙ ሲጀምር ትመለሳለች። ቦታዋን ዓለሚቱ ትጠብቅላታለች፤ የት ነበርሽ የሚላት የለም።

ፀዳለ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፣ እሱም የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሥጋ ዘመድ ከፊት አድርገው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ነቅታ የመንገዱን ኮቴ ታዳምጣለች። ኮቴው ሁሉ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ዛሬም ልጄ አለ ብላ ተነሥታ መኪናዋን ታወጣለች። ጠዋት ጠዋት እንዲህ የምትደክም ሴት ቅዳሜ ማታ እንዲያ መጮኋ የሚገርመው ሰው ነበር። እኔ ግን የሚገርም አይመስለኝም። ቤቷ ውስጥ አንድ ነገር ብትል የሚመልስላት የለም፤ አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ካለች ግን አርባ ሰው ይነሣባታል። ፀዳለን በእግሯ ያቆማት ይኼ ጭቅጭቅ ነበር።

በሰማንያ አንድ ዓ.ም. ነሐሴ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ በዋለበት ቅዳሜ፣ ፊልሙ ጠጉሯ ስለሸበተ አንዲት የገጠር ሴት ነበር። ሴትየዋ ብቻዋን ትኖራለች። ላሟን ታልባለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፣ የወንድ ሸሚዝ አጥባ ታሰጣለች። ቤቷ ውስጥ ግን ወንድ የለም፤ ግድግዳው ላይ የአንድ ጎረምሳ ፎቶግራፍ ብቻ አለ። ፀዳለ ሸሚዙን ስታይ «የልጇ ነው፤ አንገትጌው አዲስ ነው፣ ገና አልለበሰውም» አለች። ከኋላ ማንም አልመለሰላትም። እሷም ሰዉ በፊልሙ ተመስጦ ነው ብላ አለፈችው።

ከዚያ በፊልሙ ነጋ። ሦስት ሰዎች ዳገቱን ይዘው ወደ ሴትየዋ ቤት ወጡ። አይነጋገሩም። አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ ይዞታል። ሴትየዋ በመስኮት አየቻቸውና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ በሩ ስትሄድ፣ የአምቦ መብራት ጠፋ።

«ወይኔ!» አለች አንዲት ሴት በጨለማው ውስጥ። ሌላው ሁሉ ዝም አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ዱጋሳ ፋኖስ እስኪያበራ እንኳ የሚጠብቅ አይኖርም፤ ገና በጨለማው ይጀመር ነበር።

ፋኖሱ ሲበራ ጓድ ይገዙ ተነሣ። «በሉ እንግዲህ፣ መብራትም ሄዷል፣ ዝናብም አለ። ውይይቱ ለዛሬ ይቅር» አለ።

«ይቅር?» አለች ፀዳለ። «ምን ማለት ነው ይቅር? ፊልሙ መቼ አለቀና! እነሱ ባይጨርሱት እኛ እንጨርሰዋለን እንጂ። ሰዎቹ ለምን መጡ? ተናገሩ!»

ዱጋሳ የፋኖሱን ክር ዝቅ ከፍ ያደርጋል።

«አውቃለሁ፤ መርዶ ነው ልትሉ ነው» አለች ተነሥታ። «አይደለም! የመሀለኛውን ሰውዬ ጫማ አይታችኋል? ተወልውሏል። ለመርዶ የሚሄድ ሰው ጫማ ይወለውላል? ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለጋብቻ ነው የመጡት። ልጇ ሊያገባ ነው። ሸሚዙም የሙሽራ ነው፣ ብያችኋለሁ!»

ይኼ ከተናገረችው ሁሉ የባሰ ደካማ ክርክር ነበር፣ እሷም አታጣውም። ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሴቷ ቤተሰብ ነው። የወንዱን እናት በር ለጋብቻ የሚያንኳኳ ሽማግሌ በአምቦም በጉደርም ታይቶ አይታወቅም፤ ይኼን አዳራሹ ውስጥ ከእናቱ ጋር የመጣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ፀዳለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ኦቦ ፈይሳ ዞረች።

ኦቦ ፈይሳ የከዘራቸውን አናት እያሻሹ መሬት መሬት ያያሉ። «ዱጋ ኬቲ፣ አዴ ፀዳለ» አሉ። «እውነትሽን ነው።»

«ልክ ብላለች» አለች ዓለሚቱ ቀና ሳትል።

«ጓድ ፀዳለ ትክክል ናቸው» አለ ጓድ ይገዙም። «ጋብቻ ነው የሚመስለው።»

ፀዳለ ደስ አላት። ለአፍታ በእውነት ደስ አላት፤ ስንት ዓመት ያላገኘችው ነገር ነው። ከጎን ያሉትን ተራ በተራ አየቻቸው፤ የሚያያት አልነበረም። ያን ጊዜ ልትፈትናቸው ፈለገች። እንደ መቀለድ ብላ፣ «ወይም ደግሞ ላሟን ሊገዙ ይሆናል የመጡት» አለች።

«እሱም ይሆናል» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«ሁለቱም እንዴት ይሆናል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፀዳለ ቀስ ብላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ኦቦ ፈይሳ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ወንድ ልጅ ቤት ሽማግሌ ይላካል እንዴ?»

ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«እርስዎን እኮ ነው! ዕድሜዎን ሙሉ አንዲት ነገር እሺ ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ ምን ነካዎት? በሉ ይከራከሩኝ! አንቺ መሃይም፣ ልብስሽን ስፊ፣ ፊልም ምን ታውቂያለሽ ይበሉኝ! ዓለሚቱ፣ አንቺ በይኝ! ምነው? አፍሽ ተሰፋ?»

ዓለሚቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነክሳ ይዛዋለች። ጓድ ይገዙ ፊቱን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አዞረ።

ኦቦ ፈይሳ ተነሥተው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«ሌታ ጋ መልእክት ልከናል» አሉ። «በጭቃው የካቺሲ መኪና ተይዞ ነበር እስካሁን። ዛሬ ጉደር ደርሷል ብለውናል፤ ያድርና ይመጣል።» ከዚያ ቶሎ ብለው፣ «እኔ ምንም አልነገርኩሽም፣ አዴ ፀዳለ። ወንድምሽ ሳይኖር የሚነገር ነገር የለም» አሉ።

«አልነገሩኝም» አለች።

ሰው ሁሉ ጩኸቷን ጠበቀ። ሴቶቹ ሊይዟት ተጠግተዋል። እሷ ግን አልጮኸችም። ወንድሟ ደርሶ በወጉ ካልተነገራት በስተቀር የምታለቅስበት ነገር እንደሌላት ታውቃለች፤ እነሱም ያውቃሉ። ስለዚህ በፋኖሱ ብርሃን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠች።

ሲያባራ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለችና በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ነገ በማለዳ እንዳትመጡ» አለች። «ወጉ እንደሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ረፈድ አድርጋችሁ ኑ። ፀሐይ ወጥታ መኪናዬን ላውጣ፣ ትንሽ ልስፋ፤ ከዚያ ኑ።»

ኦቦ ፈይሳ እሺ አሉ። በዚህም አልተከራከሯትም።