ፀሐይ የመታው ለስላሳ

ታናሽ ወንድሜን የገደለው ጥይት ነው። ጥይቱን ያስተኮሰው ግን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነበር። ጠርሙሱ ለምን እንደፈነዳ በግቢያችን ውስጥ ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ናዝሬት ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር።

ጊዜው ቀይ ሽብር ነው። ለወንድሜ ሰርግ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ቤተሰባችን ጴንጤ ስለሆነ ጠላ አልተጠመቀም፤ በስንት ደጅ ጥናት ሁለት ሳጥን ለስላሳ አገኘን። ለአሰሳ የመጡት አብዮት ጠባቂዎች ሰርግ አለብን ብንላቸው ሳቁብን። መሪያቸው፣ ጠላ የሌለበት ሰርግ አይቼ አላውቅም፣ ያላችሁ ስብሰባ ነው አለ። ቤት ያለውን ሁሉ እየወረወሩ ፀሐይ ላይ አወጡት፤ ሳጥኖቹንም። ወንድሜን በሰደፍ ደረቱን መቱትና ፊቱን ወደ ግንቡ አዙረው አንበረከኩት።

የናዝሬት የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል። ጠርሙሶቹን ሳይ ለተማሪዎቼ የምለው ሁሉ መጣብኝ። ጋዙ ውሃው ውስጥ የተቀመጠው ወዶ አይደለም፤ በግፊት ታምቆ፣ ቆርኪ ተጭኖበት ነው። ሲከፈት ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙም አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ የምንሰማው ፉጨት እሱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ ግን አልይዝም ይላል። ቆርኪው ካልተከፈተለት ጠርሙሱን ይገፋል፤ ስንት ጊዜ ተመልሶ የተሞላ፣ የተጫጫረ ጠርሙስ ደግሞ አይችለውም።

"ጓድ፣ ጠርሙሶቹ ፀሐይ ላይ ይፈነዳሉ፤ ጥላ ውስጥ ላስገባቸው" መሪውን አልኩት።

"ምን ደብቀሽበት ነው? ብትነኪው እሱን እደፋዋለሁ" አለና የወንድሜን ማጅራት በአፈሙዝ ነካ አደረገ።

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን እስከ ዛሬ ነቅዞ ውስጤን ይበላኛል።

አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ። ከወንድሜ ኋላ የቆመው ጠባቂ የተተኮሰበት መስሎት ደንግጦ ተኮሰ። የወንድሜ ግንባር ከግንቡ ተላተመ፣ ደሙ በነጩ ኖራ ላይ ወረደ። እናቴ ልታነሳው ስትሮጥ በሰደፍ ጣሏት።

መሪው የተሰበረውን የጠርሙስ አንገት አንስቶ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንድሜ ገና እየተንፈራገጠ ስለ ሙቀትና ስለ ግፊት አስረዳሁት፤ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው፣ ከመጀመሪያው። ቶሎ ገባው። ከተረፉት ጠርሙሶች አንዱን አንስቶ በጥርሱ ከፈተ። አረፋው ገንፍሎ ሸሚዙን አራሰው።

"እውነትሽን ነው" አለኝና ጠጣው።