እትዬ ጽጌ ያላሉት ቃል

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ስጸልይ እዚያ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ እናገራለሁ፤ የምታውቁኝ ካላችሁ ደግሞ ስለ እንግሊዝኛዬ ሰምታችኋል። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ኮሎምበስ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሐኪም ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚፈለገው እኔ ነኝ። ከእኔ የተሻለ አስተርጓሚ አልነበረም፤ አሁንም የለም። ይህን ስል አላፍርም። የማፍረው በሌላ ነው።

እትዬ ጽጌ ቤት ለቤት እየሄዱ አረጋውያንን የሚንከባከቡ፣ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ ብዙ የማያልፍ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭ ሲቲ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭኑ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በመኪናቸው ሲሄዱ ፖሊስ አስቆማቸው፤ ያን ቀን የጋሽ ታደሰ ትከሻ ተሰበረ። እትዬ ጽጌ አቤት ለማለት ሲወስኑ እኔን ይዘው ሄዱ።

አንድ የፖሊስ ሹም ፊት ተቀመጥን። እትዬ ጽጌ ሳይቸኩሉ ተናገሩ።

«ፖሊሱ ፑል ኦቨር ሲያደርገን፣ ዳር ያዙ ሲለን፣ ወዲያው ቆምን። የታደሰ እጅ ስቲሪንግ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ጎትቶ አወረደውና በጉልበቱ ትከሻው ላይ ወጣበት።»

እኔ ምን አልኩ? «ባለቤቴ ቋንቋው ስለማይገባው ተንቀሳቅሶ ይሆናል፤ አለመግባባት ነው» ብዬ አስተላለፍኩ። ቃሉ ጠፍቶብኝ ነው? ቃል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሹሙ ፊቱን ፈታ ሲያደርግልኝ ደግሞ ከራሴ ጨመርኩ፦ «እኛ እንደ እዚህ አገር ጥቁሮች አይደለንም፤ ረብሻ አናውቅም።» ፈርቼ ነው ብል በቀለለኝ። አልፈራሁም። ያ ሰው ከሌላው ጥቁር ለይቶ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። አየኝም። ተነስቶ ጨበጠኝ፣ እንግሊዝኛዬንም አደነቀልኝ። ከጣቢያው ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

አቤቱታው ተዘጋ። ጋሽ ታደሰ ከዚያ ወዲህ ካርቶን አላነሱም። እትዬ ጽጌ ግን እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመው አመሰገኑኝ፤ ሰው አጨበጨበልኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ በፖሊስ ጭካኔና በዘር መድልዎ የተቆጣ ሕዝብ በመላው ኦሃዮ አደባባይ ሲወጣ፣ እኛም ወጣን። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነበር። እትዬ ጽጌ በዚያ ፀሐይ የጋሽ ታደሰን ደህናውን ክንድ ይዘው መሀል ከተማ የግዛቱ ምክር ቤት ደረጃ ላይ ቆሙ። ኮራሁባቸው፤ በሰው እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ሰልፉን የሚመሩት ወጣቶች ማይክራፎኑን ሲሰጧቸው፣ ዞር ዞር ብለው እኔን ፈለጉ።

«ወንድም ዮናስ፣ እስቲ ወዲህ ናልኝ።»

ወጣሁ። ያዩትን ሁሉ ተናገሩ፤ እኔም ስቲሪንጉን፣ ጉልበቱን፣ ትከሻውን፣ አንድ ቃል ሳላጓድል ተረጎምኩ። ድምፄ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። እንደዚያ ቀን ተርጉሜ አላውቅም፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ከዚያ እትዬ ጽጌ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ያኔ ቃሌን ሳይቀንስ የነገረልኝ ይህ ወንድሜ ነው። ፖሊሶቹ እውነቱን ሰምተው ነው ቸል ያሉን።»

ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩት። ማይክራፎኑ በእጄ ነበር፣ እውነቱን የማውቀውም እኔ ነበርኩ፤ ታዲያ ምን ያዘኝ? ያው የጥንቱ ኩራቴ ያዘኝ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። «እንደ እነሱ አይደለንም» ያልኩት እሳቸውን ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። በደልኩ፤ ከዚያም በበደሌ ተመሰገንኩ፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ።

እትዬ ጽጌ፣ ይህን በአማርኛ የጻፍኩት በእኔና በእርስዎ መካከል አስተርጓሚ እንዳይገባ ነው። ለጋሽ ታደሰም ያንብቡላቸው። ይቅርታውን ቢሰጡኝም ቢከለክሉኝም የእርስዎ ነው፤ እኔ ግን ማመካኛ አላቀርብም። አንድ ነገር ብቻ ላርም፦ ያኔ ፖሊሶቹ ሰምተው ቸል አላሉዎትም። በዚያ ክፍል ውስጥ እርስዎን የሰማ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።