አባቴን ስንት ሰው ቀበረው?

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት አባቴ ከፈን ለብሶ መደብ ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው። ይኼን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ከተማችንን የያዙት ታጣቂዎች ረብሻ እንዳይነሳ ብለው ሰው እንዳይሰበሰብ ከልክለዋል። ከመሸ መውጣት የለም፣ ገበያ የለም፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም የለም፤ ለቅሶ ሰው ይጠራላ። ዕድሜውን ሙሉ በቅሬ፣ በሰፈሩ እድር፣ የኖረ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጀናዛ የተሸከመ ሰው እንዲህ ባለ ሰሞን ይሞታል? አባቴ ሞተ።

ከአጎቴ ከሁሴን ጋር ፈቃድ ልንጠይቅ ቀበሌ ሄድን። ፀጥታውን የያዘው ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ለቀብር ከአራት ሰው በላይ አይፈቀድም አለን። አጎቴ ነገረኛ ነው፤ ሞት ፊትም አመሉን አይተውም።

"ሟቹ ይቆጠራል?" አለው።

ሰውዬው የምሩን አሰበበት። "አይቆጠርም" አለ።

ሳቄ መጣ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ደጅ ስንወጣ ግን አጎቴ እንባውን በጋቢው እየጠረገ ነበር።

ያን ምሽት በእናቴ ጆሮ ወሬ ገባ፤ ጧት ቀብር ላይ የተገኘ ወጣት ሁሉ ይያዛል የሚል። እውነት ይሁን ውሸት እስካሁን አላውቅም። እሷ ግን ባሌን አጥቼ ልጄን አልጨምርም አለች። ጎሕ ሳይቀድ፣ በቢስቲማ በኩል ወደ አፋር ቆላ ከሚወርዱ ልጆች ጋር ላከችኝ። አብሽር፣ አይዞህ፣ አባትህን ሰው ይቀብረዋል አለችኝ። አራት ሰው ሰው ነው እንዴ? እያልኩ ነው ሐይቁን ከኋላዬ ትቼ የሄድኩት።

ጅቡቲን፣ ባሕሩን፣ የመንን አልተርክላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትን አላህ አያሳየው። አሁን ሳዑዲ፣ ጂዛን ነኝ፣ ፍየል እጠብቃለሁ። ሙቀቱ የሚሌን በረሃ ያስመሰግናል። ዓሣ ሞልቷል፤ ግን የሐይቃችንን ቆሮሶ ለበላ ሰው ምኑ ይዋጣል? መኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ የለኝም። ክፍል ያከራየን የመናዊ ስንት ናችሁ ሲል ጓደኛዬ አራት አለው፤ ዘጠኝ ነበርን። ታዲያ ይኼ ሁሉ ጫማ የማነው ቢል፣ ጓደኛዬ ሀብታሞች ነን አለው። ሁሉም ሳቀ። እኔ አራት የሚለውን ቁጥር ስሰማ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ።

ለእናቴ በደወልኩ ቁጥር አባቴን ስንት ሰው ቀበረው እላታለሁ። ሀገር ቀበረው ትለኛለች። ልታጽናናኝ ነው እያልኩ እገላበጣለሁ፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አቅቶኛል።

ባለፈው ጁምዓ የእናቴን ስልክ ያነሱት፣ ቡና ሊጠጡ ቤታችን የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ መንግሥቱ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ ከአባቴ ጋር ግን አንድ ቅሬ። እውነቱን እንዲነግሩኝ በግሸን ማርያም ለመንኳቸው።

አራት ነበርን አሉኝ። ወሽመጤ ተቆረጠ። እሳቸው ቀጠሉ። አራቱ የተሸከሙት እስከ ጎረቤት በር ብቻ ነው። እዚያ ሌሎች አራት ቆመው ጠበቁ፤ ቃሬዛውን ተቀብለው እስከሚቀጥለው በር አደረሱ። ቅሬው ሌሊቱን ያለ ለፋፊ፣ በጓሮ በጓሮ ተላልኮ ነው ያደረው። ታጣቂዎቹ በየመታጠፊያው ቆጠሩ፤ ሁልጊዜ አራት።

"መቃብሩ ጋ እስኪደርስ ያልተሸከመው የሰፈር ሰው የለም" አሉኝ።

ፍየሎቹ መሃል ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ መንግሥቱ እስኪወጣልኝ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናትህ ግን እስከዛሬ አላለቀሰችም አሉኝ። ያኔ ተከልክሎ ነበር፤ ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ጎረቤቱ ለቅሶ እንቀመጥ ቢላት እምቢ አለች። ስልኩን ይስጡልኝ አልኳቸው።

"እማ፣ አሁን እኮ የሚከለክል የለም። አልቅሺለት እንጂ።"

እሷ በጥያቄ መለሰችልኝ።

"አንተ ሳትኖር ከማን ጋር ላልቅስ? ስትመጣ እንላቀሳለን። መቼ ነው የምትመጣው?"

በቅርቡ፣ ኢንሻ አላህ አልኳት። በመንገዱ በኩል የፖሊስ መኪና አቧራ እያስነሳ ሲመጣ አየሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ከፍየሎቹ መሃል አጎነበስኩ።