ወልድያ የተኛው አጎቴ

ነገሩ የሆነው ዓምና ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። እንደ ማንኛውም የወሎ ሰው ብዙ ክፉ ቀን አሳልፌያለሁ። ያንን ቀን ግን ለይቼ የማስታውሰው በዕድሜዬ በጣም ያፈርኩበትም፣ በጣም የቀለለኝም በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ነው። እንደኔ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ለማንም መናገር ያቃተው ሰው ካለ ያንብበው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሥራዬ ሾፌርነት ነው። ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ሰው አመላልስ ነበር። መኪናው የጋሽ መኮንን ነው። ጋሽ መኮንን ሰፈራችን ውስጥ የሚኖሩ፣ በዘመናቸው ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም መሪውን ለኔ ሰጡኝ፤ እኔም ሦስት ልጆቼን የማሳድገው በዚያ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ ሲሪንቃ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማ ፈነዳ። መኪናዋን ቀስ አድርጌ ዳር አስያዝኳት፤ ማንም አልተጎዳም። ዞር ስል ግን ከወንበር በላይ የሚታይ ጭንቅላት የለም። ተሳፋሪው በሙሉ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ገብቷል። በጦርነቱ ጊዜ የለመድነው ነው፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ሲሰማ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎማ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም እየተሳሳቀ ወረደ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ስደርስ ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ አየሩ አልበቃኝ አለ። አሁን መሞቴ ነው አልኩ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ አብሮኝ ሊያልቅ ነው ብዬም ፈራሁ። “ሞተሩ ሞቋል” ብዬ ዳር ያዝኩና ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በየጊዜው ይሞቅ ጀመር። ተሳፋሪው አማረረ። ጋሽ መኮንንም መካኒክ ጠሩ። መካኒኩ ግማሽ ቀን ፈትቶ ገጠመና መኪናዋ ምንም የለባትም ብሎ ሄደ።

እኔ ደግሞ ተደብቄ ወልድያ ሆስፒታል ልቤን ታየሁ። ሐኪሙ ልብህ ጤነኛ ነው አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ የሚደልቀውን የምሰማው እኔ ነኛ። እንቅልፍ እንዴት ነው፣ የሚያስፈራህ ቦታ አለ ወይ እያለ ጠያየቀኝና እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የምክር ክፍል ላከኝ።

ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሾፌር አንዴ ጭንቅላቱን ነክቶታል ከተባለ ልጁን የሚያሳፍርበት የለም፤ ባለመኪናውም ቁልፉን ይቀበለዋል። ስለዚህ ለሚስቴ ለዘሃራም ቢሆን ትንፍሽ አልል ብዬ ቆረጥኩ።

የገባሁት ወይ መርፌ፣ ወይ ቁጣ ጠብቄ ነው። ወንድ ልጅ አይፈራም፣ ሶላትህን ስገድ፣ ልጆችህን አስብ እባላለሁ ብዬ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ያገኘኋት ግን ከታናሽ እህቴ የማትበልጥ ሴት ናት። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። መጀመሪያ የነገረችኝ፣ የራሴ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር እዚያ የተናገርኩት ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ ነው። ከዚያ ጠየቀች፤ ሲመጣብህ መጀመሪያ የት ይሰማሃል? በዚያ ሰዓት ምን ታስባለህ? እኔ ስለ መኪና እንጂ ስለ ራሴ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ዝም ስል ዝም ብላ ትጠብቀኛለች።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው ቀን ስወጣ ከገባሁት ይልቅ ብሶብኝ ነበር። ራሴን አመመኝ፣ ቤት ገብቼ በልጆቹ ላይ ጮህኩ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር ብቻ ነው የተመለስኩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ምን እየሆንኩ እንደሆነ አስረዳችኝ። አደጋው ቢያልፍም ሰውነቴ ገና አላመነም፤ ለዚህ ነው የሚጮኸው። ሲመጣ ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም፤ ጫፍ ደርሶ ራሱ ይወርዳል። አየሩን በአፍንጫ ቀስ ብዬ እንዳስገባ፣ ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን እንዳስረዝም አለማመደችኝ። ሐሳቤ አልጨበጥ ሲለኝ ደግሞ ዙሪያዬን የማየውን ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ እንድጠራ ነገረችኝ። በሆዴ የሕፃን ጨዋታ ነው አልኩ።

ቀጥሎ ያመጣችው ግን ጨዋታ አልነበረም። እስኪሻልህ ሰው አትጫን፣ ለባለመኪናውም ንገረው አለችኝ። እሷ ጋሽ መኮንንን ሆና ተቀመጠች፤ እኔ እንዴት እንደምነግራቸው ተለማመድኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነበርኩ። መርሳ ስደርስ ግን አንደበቴ ተያዘ። የልጆቼ ጉሮሮ በዚያ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ መኮንን ደጅ ላይ ቆሜ ስለ ዘይትና ስለ ጎማ አውርቼ ተመለስኩ፤ በማግስቱም ሰው ጫንኩ። ሌሊቱን የማድረው የተሳፋሪዎቼን ፊት እያየሁ ነበር።

ዘሃራ ደግሞ በየማክሰኞው ወልድያ ምን አለህ ማለት ጀመረች። ሳላስበው፣ አንድ የአባቴ ወገን የሆነ አጎት ከቆላ መጥቶ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ከኔ በቀር ጠያቂ የለውም አልኳት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ የሚያጣራ የለም ብዬ ነው። እኛ ሰፈር በሽተኛ ሳይጠየቅ እንደማይቀር፣ እስላምም ክርስቲያንም ቢሆን አለመጠየቅን እንደ ነውር እንደሚያየው እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ማክሰኞ ጠዋት ልሄድ ስወጣ መኪናዋ ሞልታለች። ጋቢና እማማ ጦይባ ተቀምጠዋል፤ የሰፈራችን ትልቅ እሳቸው ናቸው፣ አዋላጅም አስታራቂም። ከኋላ ዘሃራ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልክ ከኔ ወንበር ጀርባ ጋሽ መኮንን። በፌስታል ብርቱካን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘዋል። እኛ እያለን የሰው አገር ሰው ብቻውን ተኝቶ ይከርማል ወይ ብለው እማማ ጦይባ ተቆጡኝ።

ምን ልበል? ሞተ ልል አሰብኩ። ሞተ ካልኩ ግን እዚያው ለቅሶ ይቀመጣሉ። ተሽሎት ወጣ ብል ታዲያ ለምን ቤትህ አላሳረፍከውም እባላለሁ። ቢስሚላሂ ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

መንገዱን ሙሉ እማማ ጦይባ ስለ አጎቴ ጠየቁኝ። ሚስት አለው? ልጅስ? ምኑን ነው ያመመው? ሚስት ሰጠሁት፣ ሁለት ሴት ልጆች ጨመርኩለት። ወደ ሕመሙ ስንደርስ ደረቱን ነው አልኩ። ዘሃራ ከኋላ ያ ረቢ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሐዘን አንጀቴን በላው።

ሲሪንቃ ስንቃረብ መጣብኝ። ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበረታ ነበር። መሪው በእጄ ይኑር አይኑር አልለይ አልኩ። እንደምንም ፍሬቻ አብርቼ ዳር ያዝኩና የለመድኩትን ተናገርኩ፤ ሞተሩ ሞቋል።

ጋሽ መኮንን በትከሻዬ በኩል ወደ ሙቀት መለኪያው አዩ።

“ሞተሩ አልሞቀም” አሉ ቀስ ብለው።

በሩን ከፍቼ ወረድኩና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልነበረኝም፤ የሕፃን ጨዋታ ያልኩትን ጀመርኩ። ትንፋሼን እያስረዘምኩ የማየውን በስሙ ጠራሁ። ማሽላ። ድንጋይ። የመብራት እንጨት። አህያ። ሁሉም ወርደው ከበቡኝ። ዘሃራ ለቀቀው፣ አበደ ብላ ደረቷን ያዘች። እኔ አላቆምኩም። ቢጫ ጄሪካን። ግራር።

እማማ ጦይባ እኔ ወደማይበት አቅጣጫ ዞረው ትንሽ አዩና፣ “ያቺ ቀይ ላምም አለች” አሉኝ።

“ቀይ ላም” አልኩ።

“ከኋላዋ ጥጃ።”

“ጥጃ።”

እንዲህ እየተባባልን ልቤ ቀስ በቀስ ወረደ። ቀና ስል ሁሉም እያዩኝ ነው። ያኔ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

“አጎት የለኝም” አልኩ። “ወልድያ የምሄደው ለራሴ ነው። በሽተኛው እኔ ነኝ።”

ከዚያ ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ ጎማውን፣ ልቤን፣ የምክር ክፍሉን፣ በፍርሃት የፈጠርኩትን አጎት። አንድ ከባድ መኪና በአጠገባችን አልፎ አቧራ አለበሰን። ጋሽ መኮንን እያነከሱ መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

“ቁልፉን አምጣ።”

ሰጠኋቸው። ለወራት የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ መጣ። እጄ ባዶ ሲሆን ግን ከደረቴ ላይ አንድ ነገር አብሮ የተነሳ መሰለኝ። የተሸከምኩት የተሳፋሪው ሁሉ ነፍስ ሳይሆን አይቀርም።

እማማ ጦይባ ፔርሙዙን አስመጥተው አጥሚቱን በክዳኑ ቀዱ። “እኛ የመጣነው በሽተኛ ልንጠይቅ ነው፤ ይኸው አገኘነው። አብሽር ሰይድ ልጄ፣ ጠጣ” አሉኝ። ጎረቤቶቼም እንደ ወጉ ተራ በተራ እየቀረቡ ጠየቁኝ። አንዱ አላህ ያሽርህ ይለኛል፣ ሌላዋ እግዜር ይማርህ ትለኛለች፤ ብርቱካኑን ጉልበቴ ላይ ያስቀምጣሉ። አለቀስኩ። ሾፌር ነኝ የምል ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ የሚያውቀኝ መኪና ሁሉ በሚያልፍበት ዋና መንገድ ዳር፣ ብርቱካን ታቅፌ አለቀስኩ።

ዘሃራ ብቻ አልቀረበችም። በኋላ መኪና ውስጥ ስንገባ በጆሮዬ፣ “ለነሱስ ፈራህ እንበል። ለኔ ምን ብለህ ነው?” አለችኝ።

መሪውን የያዙት ጋሽ መኮንን ናቸው። ፍሪሲዮኑን በረገጡ ቁጥር ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አይ ነበር። ወልድያ ልንገባ ስንል ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ “ዛሬ የሰማችሁት ከዚህ መኪና አይወጣም። የታመመው አጎቱ ነው” አሉ። ሁሉም እሺ አለ። ሲስተር በሩን ከፍታ ያንን ሁሉ ሰው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተደርድሮ ስታይ የማን አስታማሚ እንደሆነ ጠየቀች። የሰይድ ብለው ሁሉም አንድ ላይ ብድግ አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር። አላለቀም። ጋሽ መኮንን ቁልፉን አልመለሱልኝም፤ መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ሰጧት። ልክ ናቸው፤ ግን ከመናኸሪያው ስትወጣ ባየኋት ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር። ያንን ወራት ገበያ ላይ ፍራፍሬ እያወረድኩና እየጫንኩ አሳለፍኩ። የምክር ክፍሉ አንድ ጊዜ ገብተው ድነው የሚወጡበት ቦታም አይደለም። ምንም ሳይቀለኝ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ ተናድጄ የቀረሁበት ማክሰኞም አለ። ዘሃራ አብራኝ የገባችበት ሰዓት ከሁሉም የከበደ ነበር። ሙሉ በሙሉ ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም፤ ግን አሁን ማታ ማታ ስነቃ ትነቃለች።

በቅርቡ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ባዶ መኪና ይዘን እስከ ሲሪንቃ ሄድን። እኔ እየነዳሁ እሳቸው ጎኔ ተቀመጡ። ልቤ ደለቀ፣ ቆምኩ፣ የማየውን ጠራሁ፣ እንደገና ተንቀሳቀስኩ። ደርሰን ተመለስን፤ ስንለያይ ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ሰው መቼ እንደምጭን አላውቅም። ዳግመኛ ሳልጭን እቀር ይሆን ብዬ የምፈራበት ቀን ይበዛል።

የሰፈሬ ሰው ግን ቃሉን ጠብቋል። እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ መሐል፣ የማያውቁን ሰዎች እየሰሙ፣ እማማ ጦይባ ከሩቅ ያስቆሙኛል።

“አጎትህ እንዴት አደረ?”

“ሌሊቱን ከብዶት ነበር። አሁን ይሻለዋል” እላቸዋለሁ።

“አላህ ያሽረው። ብቻውን እንዳትተወው።”

“እሺ፣ አልተወውም” እላለሁ።