እርጥብ ሣር በካባው አፍ

ድንጋይ ሰባሪ ሆኜ በገባሁበት ቀን ካቦዋ አልማዝ መዶሻ ሰጠችኝና «ስትመቺ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ፍንጣሪው ያሳውርሻል» አለችኝ። ጨፍኜ መምታት እስክለምድ ጣቶቼ አበጡ።

ድንጋይ የሚወጣበት ካባው ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ወንዶቹ በዲጂኖ ይፈነቅላሉ። እኛ ሴቶች እንሰብራለን፣ በወንፊት እንለያለን፣ በባሬላ ተሸክመን እናከማቻለን።

ባለፈው በጋ በአዲስ ቦታ ሲቆፈር ከድንጋዩ ውስጥ ነጭ ክር ወጣ። የሸማኔ አገር ሰዎች ነንና ጥጥ የሚመስል ነገር ስናይ እጃችን አያርፍም። የጨንቻዋ አስቴር አባዝታ በእንዝርት ልትፈትለው ሞከረች።

«የድንጋይ ጋቢ ልታለብሺን ነው?» ብለን ሳቅንባት። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ክሩ ስለሚያሳክክ የሥራ ልብሴን ደጅ ሳላወልቅ ወደ ልጄ ወደ ምሕረት አልገባም ነበር።

መንገዱን ሊያይ የመጣ የጂኦሎጂ ባለሙያ ክሩን በአስቴር እጅ ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ጣዪው! አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ብናኙ ሳንባ ከገባ አይወጣም፤ በሽታው የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳይመረመር አትንኩት» አለንና ናሙና ይዞ ሄደ።

ፎርማናችንን ጋሽ ተስፋዬን ሥራው ይቁም አልነው።

«እግዜር የሠራው ድንጋይ ሰው ይገድላል?» አለ።

«እባብንም የሠራው እሱ ነው» አልኩት።

«የምሕረት እናት፣ ጠበቃ ሆንሽ ደግሞ! ከአዲሱ ቦታ የወጣው ጠጠር ነገ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይነጠፋል። ያልፈለገች መዶሻዋን ትመልስ።»

ምሕረት የምትሮጥበት ግቢ ነው። መዶሻዬን እግሩ ሥር አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ገልባጭ መኪናው ጠጠሩን ጭኖ ሲወጣ እኛ ሴቶች በካባው አፍ እርጥብ ሣር ዘርግተን ተንበርክከን ነበር። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን ጠበኛ ይቆማል፤ ሣሩን የሚረግጥ የለም። ሴት ይዛው ስትወጣ ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይሄ የአባቶች ነው! ማን ፈቀደላችሁ?» አለ ጋሽ ተስፋዬ።

«አባቶች ጠጠር አይሰብሩም» አለች አስቴር።

ሾፌሩ ዳንኤል የአገራችን ልጅ ነው፤ ሞተሩን አጠፋ።

«ንዳ!»

«ጋሼ፣ ቁልፉ ይኸው፤ እርስዎ ይንዱት። እኔ ማታ እናቴ ቤት ነው የምገባው።»

ጋሽ ተስፋዬ ቁልፉን አልተቀበለም። ጭነቱ እዚያው ተገለበጠ።

የምርመራው ውጤት እስከ ዛሬ አልመጣም። እኔ ሌላ ካባ ውስጥ እሠራለሁ፤ ያ ቦታ አልተነካም።

ለሥራው አዲስ የሆናችሁ፣ ክር ያለው ድንጋይ ካገኛችሁ አትስበሩት፣ አታባዝቱት። የሥራ ልብሳችሁን ቤት ውስጥ አታራግፉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድንጋዩ ይጠብቅ።