የግልባጭ ቤቱ ሰውዬ

ይህን ሰውዬ ያወቅነው በቁሐር ሚካኤል መንደሯ ሸክላ ሠሪ በስንዱ በኩል ነው። ልጇ ደሳለው ቅጣቱን ጨርሶ ቢፈታም «አምልጠህ ነው» ተብሎ እንደገና ታሰረ። የተፈታበትን ወረቀት ደግሞ ጎርፍ ከነቤቷ ወስዶባታል። የቀራት ተስፋ ወረታ ባለው የመንግሥት ግልባጭ ቤት የተቀመጠው ግልባጭ ብቻ ነበር።

ግልባጭ ጠባቂው ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አውራ ጣቱ በቀለም ጠቁሮ፣ ከበርጩማው ሳይነሳ አናገራት።

«ክፍሉ ሞላ። ዋናው በሰው እጅ ያለውን ግልባጭ ሁሉ አቃጠልነው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዋናውንማ ውኃ በላው!»

«እንግዲያ ውኃውን ጠይቂው!» ብሎ ሳቀና በጓሮ የተከመረውን አመድ አሳያት። «ሸክላ ሠሪ አይደለሽ? ዝገኚ፣ ለማሰሮሽ ይሆንሻል።»

ስንዱ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስታጎነብስ፣ እሱ በርጩማው ላይ የተቀመጠባትን አንዲት ያረጀች ፋይል አየች።

«ይቺስ እንዴት ተረፈች?»

ሳቁ ጠፋ። «የልጄ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ከወሰዱት ወዲህ ስሙ ያለው እዚች ላይ ብቻ ነው።»

ወዲያው ካኪውን አስተካክሎ «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

በወረታ የምታልፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ጎራ ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያች ፋይል ላይ ስለማይነሳ አታጡትም። ደሳለውንም ጠይቁት፤ እስር ቤቱ ከአመዱ ጀርባ ነው።